ጥፋቱ ካርዱን ይከተላል ወይስ ቦታውን? የአንድ የድሮ ጊታር አምፕሊፋየር ጥገና ከደብረ ማርቆስ

ይህ የጉዳይ ጥናት በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚሠራ የአንድ የሙዚቃ ቡድን አምፕሊፋየር እንዴት እንደታመመና እንዴት እንደዳነ ይመዘግባል። ዕቃው በእኛ አገር ብርቅ ነው። የተበላሸበት መንገድ ግን ብርቅ አይደለም። ተነቃይ ካርድ፣ ማለትም የሚሰካና የሚነቀል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ያለው ማንኛውም ዕቃ በዚሁ መንገድ ሊበላሽ ይችላል፤ የድሮ ሚክሰርም ሆነ የቢሮ ኮምፒውተር። ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

የሰዎቹን፣ የቡድኑንና የምሽት ቤቱን ስም ትቻለሁ። የአምፕሊፋየሩንም ማርካ አልጠቅስም፤ ለደረሰበት ነገር ፋብሪካው ተጠያቂ አይደለምና።

ዕቃው ምን ዓይነት ነው?

የጊታር አምፕሊፋየር ሁለት ሥራ አለው። ከጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ክፍል) የሚመጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ገደማ። ፕሪአምፑ ይህን ተቀብሎ ያሳድገዋል፣ ጠባይም ይሰጠዋል። ፓወር አምፑ ደግሞ ስፒከሩን የሚነዳ ጉልበት ይጨምርበታል። ድምፁ ንጹሕ ይሁን፣ ሞቅ ይበል ወይም ይንከስ የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው ፕሪአምፑ ላይ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ፕሪአምፑን ተነቃይ ቢያደርጉት አንዱ ሣጥን ብዙ ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ አሰቡ። በ1976 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የተመሠረተውና በጊታር ፒክአፕ የታወቀው ሴይሞር ደንካን በ1980ዎቹ ኮንቨርቲብል የሚባል አምፕሊፋየር አወጣ። አምስት ማስገቢያ ነበረው። በየማስገቢያው ትንሽ ካርድ ይሰካል፤ አንዱ ባለ ቫልቭ (ሞቆ የሚሠራ የመስታወት ቱቦ)፣ ሌላው ባለ ትራንዚስተር፣ ሌላው የቶን ማስተካከያ። በ2000ዎቹ ደግሞ ራንዳል ከዲዛይነሩ ከብሩስ ኢግኔተር ጋር ሆኖ በሌላ መንገድ መጣ። በእሱ አሠራር እያንዳንዱ ሞጁል ራሱን የቻለ ሙሉ ፕሪአምፕ ነው፤ ሁለት 12ኤኤክስ7 ቫልቭ በውስጡ አለው። በ2010ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲነርጂ የሚባለው መስመር ያንኑ ሐሳብ ቀጠለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የደብረ ማርቆሱ ዕቃ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው። አንድ ካርድ የፕሪአምፑን አንድ ደረጃ ብቻ ይሠራል። ሁለት ቻናል፣ ማለትም ሁለት የተለያየ የድምፅ መንገድ፣ አለው፤ በእያንዳንዱ ቻናል መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ባለ ቫልቭ ካርድ ተሰክቷል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ጉዳዩን የፈታው እሱ ነው።

ቡድኑና አምፕሊፋየሩ

ቡድኑ በሠርግና በምሽት ቤት ይሠራል። ኤሌክትሪክ ክራር፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ከበሮና ድምፃዊ አሉት። ክራሩን የሚመታው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ የሠሩ። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ የመጣው ከአባላቱ በአንዱ ዘመድ በኩል ነው። ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በኮንቴነር ተጭኖ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በአይሱዙ ጀርባ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ከሣጥኑ ጋር ትርፍ ካርዶችም ነበሩ፤ አንዱ ሲመጣም የተቃጠለ ነበር።

አንዱ ቻናል ለክራር፣ ሌላው ለጊታር ተመደበ። ሥራው በዛ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ አንዳንዴም በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ወረዳዎች ይጭኑታል። ሁዳዴ ሲገባ ይቀመጣል። ክረምት ሲገባም ይቀመጣል። የሚቀመጠው ደግሞ ወለሉ አፈር በሆነ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። የደብረ ማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ የጮቄ ተራራ ብርድ ከላይ፣ እርጥበቱ ከታች።

ችግሩ

ክረምቱ አልፎ የመጀመሪያው ሠርግ ላይ ችግሩ ታየ። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራል። ከዚያ የክራሩ ድምፅ ይንጣጣል። ቀጥሎ እየሳሳ፣ እየሻከረ ይሄድና ጭራሽ ይጠፋል። ጊታሩ ግን ይቀጥላል። እስክስታው በሞቀበት ሰዓት ክራር ሲጠፋ ዳስ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚል መገመት ነው።

ወጣቱ ጊታሪስት መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ነበር። ሣጥኑን ከላይ በመዳፉ ሲመታው ድምፁ ይመለሳል። ለትንሽ ጊዜ። ከዚያ ሁለቴ መምታት ሆነ። ከዚያ መምታቱም አልሠራ አለ።

ከዚህ ሌላ ድምፃዊቷ ማይኩ ከንፈሯን ይነዝረኛል ትል ነበር። ይህን ማንም ከአምፕሊፋየሩ ጋር አላያያዘውም። «ሸበጥ አድርጊ» ተባለችና ታለፈ።

እኔ ከመጠራቴ በፊት ሁለት ጠጋኞች አይተውታል። የመጀመሪያው ፓወር ቫልቮቹ አልቀዋል አለ። ቡድኑ ገንዘብ አዋጥቶ በዘመድ በኩል አዲስ 6ኤል6 ቫልቮች አስመጣ። ምንም ለውጥ አልመጣም። ያው ጠጋኝ የካርዶቹንና የማስገቢያዎቹን ጥርሶች (እርስ በርስ የሚነካኩትን ብረቶች) በሸካራ ወረቀት ፈግፍጓቸው ነበር፤ ለዚህ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ደግሞ ፓወር ቫልቮቹን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው የውጤት ትራንስፎርመር ነው፣ እንደገና ይጠምጠም አለ። ጋሼ እምቢ አሉ። «የጊታሩ ድምፅ ያልጠፋው ትራንስፎርመሩ ለእሱ ብቻ ደህና ሆኖ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ኤሌክትሮኒክስ አልተማሩም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር፤ ሁለቱ ቻናሎች የሚጋሩት ነገር አንዱን ገድሎ ሌላውን ሊተው አይችልም። ፓወር ቫልቮቹም የሁለቱ የጋራ ናቸው። ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ተጠይቆ ቢሆን የቫልቮቹ ገንዘብ በተረፈ።

መጀመሪያ መብራቱ

ሣጥኑን ከመክፈቴ በፊት የሚበላውን መብራት አየሁ። ዕቃው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቡድኑ መካከል ላይ ቮልቴጁን በግማሽ የሚያወርድ ትራንስፎርመር አስገብቷል። በወረቀት ላይ ልክ ይመስላል።

በተግባር ግን ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ መብራቱ 220 ሆኖ አይቆይም። ማታ ሰው ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ በምሽት ቤቱ ቴስተሩ 180 አካባቢ ያሳይ ነበር። የ180 ግማሽ 90 ነው። በ90 ቮልት የቫልቮቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ማግኘት ሲገባው 4.7 ያህል ብቻ ያገኛል። ቫልቭ በዚህ ልክ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይፈዛል፣ ጉልበቱም ይሞታል። ቡድኑ «ማታ ማታ ይደክመዋል» ይል የነበረው ይህን ነው።

ሁለተኛው ኸርዙ ነው። አውራጅ ትራንስፎርመር ቮልቴጅን እንጂ ኸርዝን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ሲሰጠው ብረቱ ላይ የሚያርፈው ማግኔታዊ ጫና ይጨምራል። ሙሉውን 120 ቮልት ብንሰጠው ጭማሪው 20 በመቶ ነው። 110 ስንሰጠው ግን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከ220 በግማሽ የሚመጣው 110 ለቫልቮቹ ትንሽ ቢያንስም ለትራንስፎርመሩ ይሻላል። 110 ላይ እንዲቆይ ወሰንን። 220ን የሚያረጋ ስታብላይዘር ከፊት ተደረገ።

የማይኩ ንዝረትም እዚሁ ተገኘ። አውራጁ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ነበር፤ አርዙ፣ ማለትም አካሉን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የደኅንነት ሽቦ፣ እዚያ ላይ ተቆርጧል። የአምፕሊፋየሩ ብረት አካል አርዝ የለውም ማለት ነው። ክራሩን ወይም ሣጥኑን የነካ ሰው ከዚያ አካል ጋር ይገናኛል፤ ማይኩ ደግሞ ከሌላ ሶኬት ከሚበላው ሚክሰር ጋር። ይህ ሰውን ይገድላል። ሸበጥ መፍትሔ አይደለም። ባለ ሦስት እግር ገመድ አስገብተን አርዙን አውራጁን አልፎ እንዲደርስ አደረግን። በምሽት ቤቱም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ትክክለኛ አርዝ አስገባ። ሠርግ ላይ ደግሞ የሁሉም ዕቃ መብራት ከአንድ ማከፋፈያ ብቻ እንዲነሳ ተስማማን። ይህ የአርዝን ቦታ አይተካም፤ በዕቃዎቹ መካከል የሚፈጠረውን ልዩነት ግን ይቀንሳል።

ፊውዙን ሳየው በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ማን እንደጠቀለለው የሚያውቅ የለም ተባለ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት

ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይገድላል። የፊልተር ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከሶኬት ነቅዬ፣ በሬዚስተር በኩል አራግፌ፣ ዜሮ መሆኑን በቴስተር አይቼ ነው እጄን ያስገባሁት። ካርድ በተቀየረ ቁጥር ይህ ይደገማል። ያሰለቻል፤ ግን ይደገማል። አምፕሊፋየሩ በርቶ እያለ ካርድ መንቀል ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው።

ቀጥሎ ምልክት ነበር። ካርዶቹ በቅርጽ አንድ ናቸው፤ አንዴ ከወጡ የትኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከጎረቤት የውበት ሳሎን ጥፍር ቀለም ለመንንና በእያንዳንዱ ካርድና በየማስገቢያው ላይ ነጠብጣብ አደረግን። ለክራር ቻናል ቀይ፣ ለጊታር ቻናል ነጭ።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። የክራሩ ቻናል ነው የታመመው። ግን ካርዱ ነው ወይስ ካርዱ የተሰካበት ቦታ? ሁለቱ ባለ ቫልቭ ካርዶች አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልሱ ቀላል ነበር። ቀዩን ካርድ በነጩ ቦታ፣ ነጩን በቀዩ ቦታ ሰክተን አበራነው። መንጣጣቱ ከካርዱ ጋር ወደ ጊታር ቻናል ከሄደ ካርዱ ታሟል። በክራሩ ቻናል ከቀረ ቦታው ታሟል።

ቀረ። ደህና የነበረው ነጭ ካርድ በቀዩ ቦታ ላይ መንጣጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ መፋቂያ አወጣሁ። ደረቅ እንጨት መብራት አያስተላልፍም፤ ጫፉም ቀጭን ስለሆነ አንዷን ነጥብ ለይቶ ለመንካት ይመቻል። አምፕሊፋየሩ በርቶ፣ አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ የማስገቢያውን ዙሪያ በመፋቂያው ቀስ እያልኩ ነካካሁ። አንደኛው ጥግ ላይ ስደርስ ስፒከሩ ጮኸ።

አጥፍተን ስናይ ሁለት ነገር አገኘን። የማስገቢያው እግሮች ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየዱበት ሊድ ላይ በዓይን በጭንቅ የሚታይ የተሰነጠቀ ክብ መስመር ነበር። መሞቅና መቀዝቀዝ፣ ከዚያ የጠጠሩ መንገድ። ሁለተኛው፣ ጥርሶቹ ጠቁረዋል። ከፊሎቹ ላይ ደግሞ የወርቅ ቅቡ ተልጧል። ይህ የሸካራ ወረቀቱ ሥራ ነው። ቅቡ በጣም ስስ ነው። አንዴ ከተላጠ ከሥሩ ያለው ብረት በአንድ ክረምት ይዝጋል፤ ለጊዜው የሚያበራ ይመስላል እንጂ ለሚቀጥለው ዓመት ብልሽት እየቆጠቡለት ነው።

ሊዱን አድሰን በየድነው። ጥርሶቹን ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ በሆነ አልኮልና በጥጥ አጸዳን። የጠቆረውን ለስላሳ ላጲስ ያነሳዋል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስለሚበዛበት ተውነው። ከቡድኑ አንዱ «አረቄ አይሆንም?» ሲል ጠይቆ ነበር። አይሆንም። አረቄ ለሌላ ነው።

የቀረው ሕመም

ተሰክቶ ሲበራ መንጣጣቱ ጠፋ። በሣጥኑ ላይ ቢመቱትም ዝም። ሁሉም ደስ አለው። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን የአንዱ ቻናል ድምፅ እንደገና እየሳሳ፣ እየሻከረ ሄደ።

ይህ የጉዳዩ ዋና ቦታ ነው። የሁለቱ ጠጋኞች ግራ መጋባት ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። ሁለት በሽታ በአንድ ቻናል ላይ ተደርበው ነበር። አንዱ መንጣጣት ነው፤ ሲመቱት ይመለሳል። ሌላው መሳሳት ነው፤ ሲመቱት አይመለስም፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይመለሳል። ቡድኑ ሁለቱን «ድምፅ ይጠፋል» በሚል አንድ ቃል ይገልጻቸው ነበር። ጠያቂም እንዴት ይጠፋል ብሎ አላፈለፈለም።

ካርዶቹ አሁንም እንደተቀያየሩ ናቸው፤ ቀዩ ካርድ በጊታር ቻናል ላይ ነው። የሳሳውም የጊታሩ ድምፅ ሆነ! ሁለተኛው በሽታ ካርዱን ተከትሎ ሄዷል።

ቀዩ ካርድ ላይ ያለውን ቫልቭ ከነጩ ጋር ቀየርን። ለውጥ የለም። ቫልቩ ደህና ነው። ከሳሎኑ የፀጉር ማድረቂያ መጣ (ያን ሰሞን ሳሎኑ ግማሽ ወርክሾፕ ሆኖ ነበር)። ካርዱን በጥቂቱ ከርቀት ስናሞቀው መሳሳቱ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ወዲያው መጣ። ቴስተሩን ከካርዱ በኋላ ባለው ቫልቭ ግሪድ (ሲግናሉ በሚገባበት እግር) ላይ አደረግሁ። እዚያ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ሲሞቅ ወደ 3 ቮልት ወጣ።

ምክንያቱ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው ካፓሲተር ነው። ሥራው ድምፁን አሳልፎ ቋሚውን ቮልቴጅ ማገድ ነው። በአንደኛው ወገኑ 200 ቮልት ያህል ተቀምጧል። ሲያረጅና ሲሞቅ ጥቂት ያሾልካል። ያቺ ሾልካ የወጣች ቮልት ቀጣዩን ቫልቭ ከሚሠራበት ቦታ ታንሸራትተዋለች፤ ድምፁም መጀመሪያ ይሻክራል፣ ቀጥሎ ይሳሳል። ዋጋው በጣም ትንሽ የሆነ ዕቃ ነው። ቡድኑ ቫልቮች ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ ጥፋቱ ጣት ጫፍ በምታህል ነገር ላይ ነበር።

0.022 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት የሚችል ያስፈልጋል። የከተማው ሱቆች ያላቸው ለዝቅተኛ ቮልት የሚሆን ብቻ ነው። መርካቶ ልንልክ ነበር። ግን የድሮ ወፍራም ቴሌቪዥኖች ውስጥ እንደዚህ ያሉ ካፓሲተሮች አሉ፤ እነዚያ ቴሌቪዥኖች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠሩ። ከአንድ የተጣለ ቴሌቪዥን ተነቅሎ፣ ተለክቶ ተገባበት። ከዚያ በኋላ ማድረቂያው ቢነፋበትም ግሪዱ ከዜሮ አልተነቃነቀም።

ስለ ሙቀት ሌላም ነገር ነበር። ቡድኑ ሠርግ ላይ ለማማር አምፕሊፋየሩን በቬልቬት ጨርቅ ይሸፍነው ነበር፤ ከኋላም ከላይም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ስለዚህ ዕቃን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል። ብርድ ነውና አይሞቅም የሚለው ግምት አያስኬድም። ጨርቁ ተነሳ። ድምፃዊቷ አልተደሰተችም፤ ቀለሙ ከቀሚሷ ጋር ይሄድ ነበር።

ያልሠራው

ተቃጥሎ የመጣውን ካርድ ሌላ ልንሠራለት አስበን ነበር። የወጣቱ ጊታሪስት ፍላጎት ነው፤ ያ ካርድ ድምፁን የሚያናክሰው ዓይነት ነበር። ሥዕሉን ከሰሌዳው ላይ ገልብጦ ማውጣት አላስቸገረም። ያስቸገረው ብረቱ ነው። የማስገቢያው ጥርሶች ርቀት 3.96 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ 2.54 ነው። በግድ ቢገባም ጥርሱ ከጥርስ አይገጥምም። ለ400 ቮልት ዕቃ ደግሞ «በግድ» የሚባል ነገር አልወድም። ተውነው።

የተቃጠለውን ካርድ ግን አልጣልነውም። የከሰሉትን ክፍሎች ነቅለን፣ መግቢያውን ከመውጫው በሽቦ አገናኘን። አሁን ድምፁን ሳይነካ የሚያሳልፍ ባዶ ካርድ ሆኖ አንዱን ማስገቢያ ይዟል።

ሌላ ያልሠራው፣ ከመጀመሪያው የተመኙት ነገር ነው፤ በዘፈኖች መካከል ካርድ እየቀየሩ ድምፅ መለወጥ። ማስታወቂያው ላይ ያምራል። መድረክ ላይ ግን ማጥፋት፣ ማራገፍ፣ መቀየር፣ ቫልቭ እስኪሞቅ መጠበቅ አለ። ሙሽሮች አይጠብቁም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መንቀልና መሰካት ከዚያች ስስ ወርቅ ላይ ይነሳል።

ታዲያ የትኛው ካርድ ይቀመጥ? እዚህ ክርክር ነበር። ወጣቱ በሁለቱም ቻናል ከፍ ያለ ጌይን (ሲግናሉን የማሳደግ መጠን) ፈለገ። ሞከርነው። የክራር ሳጥን ባዶና የቆዳ ፊት ያለው ስለሆነ ከፍ ባለ ጌይን ከስፒከሩ ፊት ሲቆም ይጮኻል። ትዝታ ሲመታበት ደግሞ ጣቶቹ ተነካክተው የሚሰጡት ልዩነት ሁሉ ተጨፍልቆ አንድ ይሆናል። ጋሼ ሰምተው ሲያበቁ «እኔ ካርዱን አላውቅም ልጄ። ክራሬ ክራር ሆኖ ይሰማልኝ» አሉ። ወጣቱ ትንሽ አሰበና «እሺ ጋሼ፣ የእርስዎ ንጹሕ ይሁን፤ የእኔን ግን ተዉልኝ» አለ። እንዲሁ ተደረገ። የእኔም አስተያየት ከጋሼ ጋር ነው፤ ለባቲና ለአምባሰል ንጹሑ ካርድ ይበቃል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ይህ ዓይነት አምፕሊፋየር የተሸጠው ብዙ ድምፅ ይሰጣል ተብሎ ነው። እኔ የታየኝ ጥቅም ሌላ ነው። ትርፍ ዕቃና የመለኪያ መሣሪያ በሌለበት ከተማ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ካርዶች ያሉት ዕቃ ራሱን ይመረምራል። ቀይሮ ማየት ብቻ ነው። በቋሚነት የተበየደ አምፕሊፋየር ይህን ዕድል አይሰጥም። በአንጻሩ ደካማ ጎኑም ያው መሰኪያ ነው፤ ካርድ ባይኖር ያ የተሰነጠቀ ሊድም፣ የጠቆረ ጥርስም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ለምርመራ ይነቀል፤ ለጨዋታ ግን ቦታውን ይዞ ይቆይ።

ቅያሪው የሚሠራው አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲቀየር ነው። ካርዱንም፣ ቫልቩንም፣ ገመዱንም አንድ ላይ ከቀየሩ ድምፁ ቢመለስም ማን እንደመለሰው አይታወቅም። አንዱ ጥፋት ከተስተካከለ በኋላም ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገም። እኛ ጋ መንጣጣቱ ሲቆም ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ሠርግ ያው ይመለስ ነበር።

ባለቤቱን ሲጠይቁ «ምን ሆነ?» ብቻ አይበቃም። መቼ ይጀምራል፣ ሲመታ ይመለሳል ወይ፣ ሲቀዘቅዝስ፣ ከሌላው ቻናል ጋር ነው ወይስ ብቻውን? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ ግማሹ ሥራ ካቻቪቴ ሳይነሳ ያልቃል።

የአሜሪካ ዕቃ ከዘመድ የሚመጣለት ሰው ደግሞ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነስቶ አስቀድሞ ይይ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የአውራጁ፣ የስታብላይዘሩና የአርዙ ወጪ አብሮ ይታሰብ። 50/60 ኸርዝ የሚል ካለበት ትልቅ ዕረፍት ነው።

አሁን ያለበት

አምፕሊፋየሩ የጥርን ሠርጎች ክራር ሳይጠፋበት ጨርሷል። ከአፈር ወለሉ ተነስቶ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለክረምቱ ካርዶቹ ሳይነቀሉ፣ በየጊዜው ለጥቂት ሰዓት እየበራ እንዲቆይ ተስማምተናል፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርራል። ሲጫን ስፖንጅ ከሥሩ ይነጠፋል። የመጫኑ ኃላፊነት የጊታሪስቱ ነው።

ያልተነካ አንድ ነገር ቀርቷል። ዋናዎቹ የፊልተር ካፓሲተሮች ከፋብሪካ የወጡበት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከጊታሪስቱ ይበልጣል። እስካሁን አላበጡም፣ ጉምጉምታም አያሰሙም። ግን ቢበላሹ የመብራቱን ትራንስፎርመር ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ጠጋኝ ያለው መጠምጠም፣ በሌላ ትራንስፎርመር ላይ ቢሆንም፣ እውነት ይሆናል። ለቮልታቸው የሚሆን ምትክ ከመርካቶ ታዟል። ሁዳዴ ውስጥ ሥራ ስለማይኖር ያን ጊዜ ይቀየራሉ።